ክዳንና ኪዳን፦ የመንዝ ተማሪዎች ጓሳን በግጥም ሲጽፉ (የጉዳይ ጥናት)

በመጀመሪያው ቀን 19 ግጥሞች ቀረቡ። ሁሉም ስለ ተራራ ናቸው፤ በአንዳቸውም ውስጥ ግን ተራራው ስም የለውም። «ውብ»፣ «ኩሩ»፣ «ታሪካዊ»፣ «የአባቶቻችን ቅርስ» የሚሉት ቃላት ከገጽ ገጽ ይመላለሳሉ። ባሌ ላይ ወይም ሰሜን ተራሮች ሥር የሚኖር ልጅ ግጥሞቹን ቢያገኛቸው፣ አንድ ቃል ሳይነካ የራሱ ሊያደርጋቸው ይችላል። ጻፊዎቹ ግን ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል የሚማሩ የመንዝ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ በግ አሰማርተው ነው ትምህርት ቤት የሚደርሱት። ጓሳ ሣር እጅ እንደሚቆርጥ ያውቃሉ፤ አመዳይ በወረደበት ጠዋት በባዶ እግር መሄድ ምን እንደሆነም ያውቃሉ። እጃቸው የሚያውቀው ነገር ወደ ወረቀታቸው ያልመጣው ለምንድን ነው? በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ ለ10 ሳምንት የተሠራው ሥራ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ክበቡ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ እስክሪብቶ መያዝ ያስቸግራል። የተገዛው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ለሁሉም የሚሆን ጠመኔ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ባለ 500 ወረቀት እሽግ።

ተራራው ምንድን ነው?

ለማያውቀው አንባቢ፦ ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የከብቱ የመጨረሻ ግጦሽ እሱ ነው። ጭላዳ በመንጋ ይውልበታል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 የማይሞሉት ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ።

ለግጥሙ ሥራ ከእንስሳቱ ይልቅ የጠቀመው ግን የጓሳ ሕግ ነው። አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች መሬቱን ከያዙበት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተወላጆቻቸው ጓሳን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። በየወገኑ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል ኃላፊ ይመረጣል። ሣሩ እንዲያገግም ጓሳው ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ማጭድ አይገባም፣ ከብትም አይገባም። ሲከፈት ይታጨዳል፣ ይጋጣል፣ ተመልሶ ይዘጋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ከሥሩ አናጋው። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቆመው። ከ19ኙ ተማሪዎች አብዛኞቹ «ቄሮ» የሚለውን ቃል ከዜና፣ የኦሮሞ ወጣቶች እንቅስቃሴ ስም ሆኖ፣ እንጂ ከአያቶቻቸው አልሰሙትም ነበር፤ በመጀመሪያው ውይይት ሁለቱን አደባለቁና አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ አለቀ። ያ ሰዓት ግን በከንቱ አልጠፋም። ተራራው የሚታይ ውበት ብቻ ሳይሆን ለዓመታት እጅን የመሰብሰብ ስምምነት መሆኑን ልጆቹ መጀመሪያ የተረዱት እዚያ ላይ ነው።

ቃል ለቀማ

የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ግጥም መጻፍ ተከለከለ። ልጆቹ ይህን አልወደዱትም። በምትኩ እያንዳንዱ ሰው ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈለ፤ ቃሉ፣ በቃሉ የሚሠራው ሥራ፣ መቼና ማን እንደሚለው። ከዚያም ቢያንስ አንድ አረጋዊ ወይም አሮጊት ዘንድ ሄደው 10 ቃል ይዘው እንዲመለሱ ታዘዙ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከሸፈ፤ የከሸፈውም በአጠያየቁ ምክንያት ነው። «አባባ፣ እስቲ ስለ ተራራው ታሪክ ይንገሩን» ሲባሉ ሽማግሌዎቹ የስብሰባ ንግግር አደረጉ። በስብሰባ የሚጠየቁት እንዲህ ነውና የሰጡትም መልስ የስብሰባ ነው። ልጆቹ ይዘው የመጡት መልሰው «ውብ» እና «ኩሩ» የሚሉትን ቃላት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው ተለወጠ። ዕቃ በእጅ ተይዞ «እማማ፣ ይቺን ምን ይሏታል? ማን ነው የሚሠራት? ስትበላሽስ?» ተብሎ ተጠየቀ። ያን ጊዜ ደብተሩ መሙላት ጀመረ። ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ)፣ በርኖስ፣ እንዝርት፣ አስታ፣ ጅብራ፣ አመዳይ፣ ገሳ እያለ በ3 ሳምንት ከ130 በላይ ቃል ተሰበሰበ። ሱፉን የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች በመሆናቸው፣ የአንድ ባና ቃላት ከሁለት ሰው ካልተጠየቁ እንደማይሟሉም ታወቀ። ወንዶቹ ልጆች አያቶቻቸውን ብቻ ጠይቀው የፈትሉን ቃላት በሙሉ ጥለው መጥተው ነበር።

ቀን መምረጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሥራ ቀን ሽማግሌውን ማሳ ላይ ማግኘት እንጂ ማነጋገር አይቻልም። በወር በዓል፣ በ12 ወይም በ21፣ ሁሉም ቤቱ ስላለ ወሬ ለመጠየቅ የተመቸ ነው። ግን በበዓል ሥራ አይነካምና ገመድ ሲገመድ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ወሬው ለበዓል፣ እጅን ማየቱ ለሥራ ቀን ተመደበ። ስልክ አውጥቶ ድምፅ መቅዳት በሁለት ቤት ወሬውን ጸጥ አሰኝቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ፈቃድ ሳይጠየቅ ስልክ እንዳይወጣ ተወሰነ።

ገመዱ

የሥራውን አካሄድ የለወጠው ቀን ገመድ የታየበት ቀን ነው። አንድ አዛውንት ጓሳውን በውኃ አርሰው፣ በሁለት ከፍለው፣ ሁለቱንም ፈትሎች በየራሳቸው ወደ ቀኝ ጠመዘዟቸው። ቀጥለው ሁለቱን እርስ በርስ ሲያጣምሩ እጃቸው ወደ ግራ ዞረ። አንዱ ልጅ ሞክሮ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ጠመዘዘው፤ ሲለቀው ተፈታ። የሚይዘው ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ፈትል ወደ መጣበት ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ወል ቤት ሲጻፍ ይህ ገመድ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ወል ቤት ስንኙ በሁለት ሐረግ የተከፈለ፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም (ሲነገር የሚቆጠር የድምፅ ምት) ያለው፣ በጠቅላላ 12 ቀለም የሆነ ነው። ልጆቹ ይጽፉት የነበረው ስንኝ ግን ሁለተኛው ሐረጉ የመጀመሪያውን የሚደግም ነበር፦

ውብ ነው ተራራችን ሁሌም ያኮራናል፤
አረንጓዴ ምድር ሲያዩት ይመቻል።

ልኩ ትክክል ነው፤ ቢጨበጨብበት ስድስት ስድስት ይመጣል። ቤትም ይመታል። ሆኖም ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተጠመዘዘ ነው። አራቱም ሐረግ «ጥሩ ነው» ከማለት አያልፉም፤ ስለዚህ ይፈታል። «ሁለተኛው ሐረግ መጀመሪያውን ይጎትት ወይስ ይከተለው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን በኋላ በየረቂቁ ጠርዝ መጻፍ ጀመረ።

ልክና ቤት ላይ ምን ተበላሸ

ሁለት ስሕተቶች በሁሉም ደብተር ላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ልጆቹ ቀለም ሲባሉ ፊደል ቆጠሩ። «በጓሳችን ክዳን» ስምንት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን በ-ጓ-ሳ-ችን-ክ-ዳን፣ ስድስት ነው። አንዳንዱ ሳድስ ድምፁን ውጦ ከፊቱ ካለው ጋር ይጣበቃልና ዓይን አይቆጥረውም፤ ጆሮ ግን ይቆጥረዋል። ፈውሱ ጠረጴዛ እየመቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ሆነ። የአብነት ትምህርት የቀመሱ ሁለት ልጆች ይህን ያለ ትምህርት ያውቁት ነበርና ሌሎቹን አስተማሩ። ልኩ ሲጎድል «እኮ»፣ «እንዲያው»፣ «እጅግ» እየተወተፈ እንዳይሞላም ሦስቱ ቃላት ለጊዜው ታገዱ።

ሁለተኛው ስሕተት ጠለቅ ያለ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚዘጋ፣ ዝም ብሎ የተጻፈ ሁሉ በ«ል» ወይም በ«ን» ቤት ይመታል፤ ያኮራናል፣ ይመቻል፣ ይሄዳል፣ ያያል። ጻፊው ሳይደክም ቤት ያገኛል፤ ያላደከመ ቤት ደግሞ ምንም አይገልጥም። ለሁለት ሳምንት ያህል ማንም ስንኙን በግሥ እንዳይዘጋ ሕግ ወጣ። ያን ጊዜ ግሡ ወደ መሐል ገባ፤ ስም መጨረሻ ላይ ወጣ። ከቃል ለቀማው ደብተር የመጡት ስሞች ቦታ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። በእንጉርጉሮና በሙሾም ግሡ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ነው የሚገኘው፤ ልጆቹ ይህን በጆሯቸው ያውቁት ነበር፣ ከግጥም መጻፍ ጋር ግን አላገናኙትም።

የአንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ረቂቅ ለውጡን በግልጽ ያሳያል። ያቺ «ውብ ነው ተራራችን» ያለችው እሷው ነች። ከአያቷ ቤት ደብተሯን ሞልታ ስትመለስ ስለ ተራራው ትታ ስለ ጣሪያው ጻፈች፤ የአያቷ ቤት ቀድሞ ጓሳ ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ሆኗል።

ዝናብ ሹክ ይል ነበር በጓሳችን ክዳን፤
ቆርቆሮው ጮኸና አልሰማም ያን ኪዳን።

ክበቡ በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ተከራከረ። «ክዳን» እና «ኪዳን» በአንድ ፊደል ይለያያሉና ኅብር ሊባሉ ይገባል ወይስ አይገባም? ቅኔ የሚያውቁት ልጆች ኅብር አንዱ ቃል ራሱ ሁለት ሲሆን ነው፣ ይህ ግን መመሳሰል ብቻ ነው አሉ። ልክ ናቸው። ቢሆንም ስንኙ እንዳለ እንዲቆይ ተደረገ፤ ምክንያቱም የጓሳ ክዳን የሚገኘው ጓሳው በኪዳን ሲዘጋ ብቻ ነው። ሁለቱ ቃላት በስንኙ ውስጥ የተገናኙት በተራራው ላይም ስለሚገናኙ ነው። የቄሮን ታሪክ ልጅቱ በአንድ ቃል ውስጥ ከተተችው፤ ስለ ቅርስ የተጻፉት እነዚያ 19 ግጥሞች ተደምረው ይህን አላደረጉም ነበር።

ከላይና ከታች

ጓሳ የውኃ ከፋይ ነው። በምዕራብ ገጹ የወደቀው ዝናብ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ገደሉ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይህ በጂኦግራፊ ትምህርት የታወቀ ነገር ነው፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ለመቀጠር ያሰበ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጅ ሲገባ እንዲህ ሆነ፦

አንዱ ጠብ ወዳባይ፣ አንዱ ጠብ ወዳዋሽ፤
እኔም ሁለት ሆንኩኝ፣ ሂያጅና ተመላሽ።

«ጠብ» ጠብቆ ሲነበብ የዝናቡ ጠብታ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጸብ ነው፤ ልጁ ከራሱ ጋር ያለው ሙግት። ይህ ቅኔ አዋቂዎቹን ያረካ ኅብር ነው። ልጁ መጀመሪያ ጠብታውን ብቻ አስቦ ጽፎት ሌላኛውን ትርጉም ያዩለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ግጥም በጋራ ጮክ ተብሎ መነበብ ያለበት ለዚህም ጭምር ነው።

ከክበቡ አባላት አንዱ የቆላ ልጅ ነበር፤ ከሸዋ ሮቢት በኩል ዘመድ ጋር ሊማር የመጣ። ቤታችሁ የት ነው ሲባል የሁሉም ቤት ላይ ሲሆን የእሱ ግን ታች ነው። መጀመሪያ አፍሮ የደገኛውን ግጥም ሊኮርጅ ሞክሮ ነበር። «አንተ ይህን ተራራ ከታች ሆነህ ምን ብለህ ታየው ነበር?» ሲባል፣ በእነሱ ዘንድ ተራራ ማለት ጉም የሚወርድበት አቅጣጫ እንደሆነ ጻፈ። የላይኞቹ ልጆች ገደሉን ከዚያ ወዲህ እንደ መጨረሻ ሳይሆን እንደ ደጃፍ ጻፉት። ቡድን ሲመሠረት ቢያንስ አንድ ከታች የመጣ ልጅ እንዲኖር መፈለግ ተገቢ ነው።

ወንዶቹ ሌላ ችግር ነበረባቸው። ስለ አገር ጻፉ ሲባሉ ድምፃቸው ወዲያው ወደ ፉከራ ይሄዳል። ፉከራ የአገሩ ሀብት ነውና መከልከል ስሕተት ነው። ነገር ግን በፉከራ ሰው የሚፎክረው በራሱ ሥራ ነው፤ ገድሎ፣ ማርኮ፣ አድርጎ። ስለዚህ «ዘራፍ ማለት የፈለገ ራሱ የሠራውን ይጥራ» ተባለ። ድምፁ በቅጽበት ተለወጠ። አንዱ በአመዳይ ሌሊት የወለደች በግ በጋቢው ጠቅልሎ ያደረበትን ፎከረ፤ ያ ፉከራ ካዳመጡት ሁሉ ይበልጥ የተጨበጨበለት ነበር፤ ይገባዋልም።

ያልተሳካው

ከ19ኙ 14ቱ ብቻ ሳያቋርጡ ጨረሱ። አምስቱ የጠፉት ኅዳር ላይ ነው፤ የገብስ አጨዳ። ሥራው ከጥር በኋላ ቢደረግ ይህ አይደርስም ነበር። ከጠፉት አምስቱ አራቱ ሴቶች ናቸው። ቅዳሜ 4 ሰዓት ለወንዶቹ የተመቸ ሰዓት ነው፤ ለሴቶቹ ግን የውኃና የእንጨት ሰዓት ነው። ይህ በ6ኛው ሳምንት ታውቆ ሰዓቱ ወደ 8 ቢዞርም ሁለቱ ብቻ ተመለሱ፤ ቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሌላው ቅሬታ የመጣው ከንባቡ ዕለት ነው። በ9ኛው ሳምንት ወላጆች ተጋብዘው ግጥሞቹ ተነበቡ። ወደ ዐረብ አገር ስለሄደች እህት የተጻፈ ግጥም ነበር፤ ስሟ አይጠራም፣ የሚጠራው የተወችው እንዝርት ነው። ከተጋባዦቹ አንድ ኃላፊ ይህ ግጥም «ገጽታ ያበላሻል» ብለው ሊታተም ከታሰበው መድበል እንዲወጣ ጠየቁ። የእህትየዋ ወላጅ እናት ተነሥተው እንዳይወጣ ጠየቁ። ግጥሙ ሳይወጣ ቀረ። ስለ አገር ባህል ወጣቶችን የሚያጽፍ ሁሉ ይህን ዓይነት ጥያቄ አስቀድሞ መጠበቅና ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር ብቻ ተነጋግሮ መወሰን አለበት። ሰው ያልሄደበት የመንዝ ቤት ጥቂት ነው፤ ይህ ከግጥሙ ከወጣ የሚቀረው ያው «ውብ ነው ተራራችን» ነው።

መድበሉ

22 ግጥሞች ተመረጡ። ኤፎር ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይሆናል፤ 7 ወረቀት 28 ገጽ ነው፤ ለ60 ቅጂ 420 ወረቀት ይበቃል፤ ከእሽጉ ለብልሽት የሚሆን ይተርፋል። ግጥሞቹ በስልክ ስለተጻፉ ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ስንኙ ከገጹ ሲሰፋ መጨረሻው ወደ ታች ወርዶ ቤቱ ጠፋ፤ ፊደሉ ወደ 11 ዝቅ ሲል 12 ቀለም በአንድ መሥመር ገባ። ሁለተኛ፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ በየግጥሙ ተዘባረቁ፤ አንድ ልጅ ብቻ ሁሉንም እንዲያርም ተደረገ፣ ብዙ ሰው ሲያርም ይብሳልና። መጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ለግጥሞቹ የገቡት ቃላት ከነፍቺያቸው ተቀመጡ። ቃሉን የነገሩት ሰዎች ስም የተጻፈው የፈቀዱት ብቻ ነው።

ቅጂው ከታተመ በኋላ የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ግጥሟን ለአያቷ አነበበችላቸው። አያቷ ጓሳ ላይ ዝናብ እንደማይሰማ ነገሯት። ጓሳው ዝም ነው የሚለው፤ ሹክ የሚለው ከክዳኑ ጠርዝ መሬት ላይ የሚወርደው ጠፈጠፍ ነው። ደግሞስ «ነበር» ማለቷ ምን ማለት ነው? ትልቁ ቤት ቆርቆሮ ቢሆንም ማድ ቤቱ እስከ ዛሬ ጓሳ አይደል?

«ጠፈጠፍ» ሦስት ቀለም ነው፤ «ዝናብ» ሁለት። «ጠፈጠፍ ሹክ ይል ነበር» ሰባት ሆኖ ልኩን አለፈ። ልጅቱ ጠረጴዛ እየመታች ቆጥራ «ነበር»ን አወጣችው፦

ጠፈጠፉ ሹክ ሲል ከጓሳችን ክዳን፤
ቆርቆሮው ጮኸና አልሰማም ያን ኪዳን።

ከ60ው ቅጂ 23ቱ ገና አልተሰጡም ነበር። በእነዚያ ላይ የቀድሞውን ሐረግ ሰርዛ አዲሱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈችበት።